አንበሳ የተሣለበት ጣቢያ

ገና ፊደል ሳንቆጥር እናቶቻችን እጃችንን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሲወስዱን፣ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ በአንበሶችና በነብሮች መካከል የቆሙት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ በአንድ እግራቸው ቆመው የሚጸልዩት ባለ ክንፉ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ማን ማን እንደ ሆኑ ማንም ሳያነብልን ለይተን እናውቅ ነበር፤ የቀደሙት ሠዓልያን ንባብ ላልዘለቀው ምእመን መጽሐፉን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በቀለም ጽፈውለታልና።

ይህን ጥበብ ከመቅደስ ቅጥር አውጥታ ለመንገደኛ የሰጠች ከተማ አለች፤ እርስዋም ሜክሲኮ ሲቲ ናት። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የእኛው ማሞ ወልዴ በማራቶን ድል የነሣበት የኦሎምፒክ በዓል በተደረገባት በዚያች ከተማ፣ የበዓሉን አርማ የነደፈው አሜሪካዊው ላንስ ዋይማን፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ለተከፈተው የምድር ውስጥ ባቡር ለጣቢያ ሁሉ ከስሙ ጋር የሚሄድ ሥዕል ሠራ፤ ከሕዝቡ ማንበብ የማይችለው ብዙ ነበርና። ቻፑልቴፔክ በጥንቱ በናዋትል ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ስለ ሆነ ምልክቱ ፌንጣ ነው፤ ገበያ ያለበት የመርሴድ ጣቢያ ደግሞ ፖም በሞላበት ሣጥን ይታወቃል።

ከከተማይቱ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች አንዱ ኢትዮጵያ ይባላል፤ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን በግፍ በያዘ ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረችና፣ እኛ አደባባያችንን በስሟ ስንጠራ እነርሱም አደባባያቸውንና ጣቢያቸውን በስማችን ጠሩ። ስሙን ማንበብ የማይችል የሜክሲኮ ገበሬ እንኳ አንበሳውን አይቶ ከባቡር ይወርዳል ብዬ ሳስብ ልቤ በደስታ ይሞላል።

ወደ ራሳችን ስመለስ ግን አዝናለሁ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም በተከፈተው ቀላል ባቡር በቅርቡ ስሳፈር፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ባቡሩ በቆመ ቁጥር «ልጄ፣ ልደታ ደረስን?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር፤ በሰሌዳው ላይ ያለው ፊደል ለእርሳቸው ዝም ያለ ነበር። ዛሬ ያልተማረ ማን አለ የሚል ሰው ቢኖር፣ ዐይናቸው የደከመ አረጋውያንን፣ ከሌላ ክልል በሌላ ቋንቋ አድጎ የመጣውን እንግዳ፣ ገና ሀሁ የሚለውን ሕፃን ያስብልኝ።

አዲስ አበባ ደግሞ ለሠዓሊ የተሰናዱ ስሞች ሞልተዋታል። ሰርኪስ የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ ባቡር ተሰብሮ የቀረበት ነው የሚባለው ሰባራ ባቡር፣ ከአንድ የወለቀ መንኮራኩር በቀር ሌላ ምልክት አያሻውም። እሪ በከንቱ፣ ቀማኛ የያዘው መንገደኛ ቢጮህ ረዳት አያገኝም ነበርና እንዲህ ተባለ ይባላል፤ ሰሚ ያጣ ጩኸትን በቀለም መግለጽ ለብርቱ ሠዓሊም የሚያስቸግር ስለ ሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህን ተሥሎ ለማየት እመኛለሁ። በየጣቢያውና በየአደባባዩ እንዲህ ያለ ሥዕል ከፊደሉ ጎን እንዲቆም፣ የሥነ ጥበብ ተማሪዎቻችንም በዚህ ሥራ እንዲሰማሩ ከተማይቱን የሚያስተዳድሩትን አጥብቄ እለምናለሁ።

ሥራውም ከዶሮ ማነቂያ ቢጀመር እወዳለሁ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ከፈረሱት ሰፈሮች አንዱ እርሱ ነው፤ ቤቱ ሄዶ ስሙ በሰው አፍ ብቻ ቀርቷል። በአዲሱ ሰፊ መንገድ ዳር አንዲት ዶሮ ብትሣል፣ ከዚያ ተነሥተው ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም የገቡት አረጋውያን አራዳ ጊዮርጊስን ሊሳለሙ በመጡ ጊዜ ለልጅ ልጃቸው «ቤታችን እዚህ ነበር» ሲሉ በጣታቸው የሚያመለክቱት አንድ ነገር ያገኛሉ።