ማስታወቂያ ማውጣትና ከሕዝብ ጋር መነጋገር

ትምህርት በሕዝብ ልጆች ላይ የሚካሄድ ሥራ እስከሆነ ድረስ፣ ኃላፊዎቹ ከወላጆች ጋር የሚገናኙበት መንገድ እንደ ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሊታይ አይገባውም።

ዛሬ በርካታ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የምዝገባ ቀንንና ልዩ ልዩ መመሪያዎችን በፌስቡክና በቴሌግራም ገጾቻቸው ያወጣሉ። ወጪው አነስተኛ፣ ፍጥነቱም ከፍተኛ ስለሆነ የሚነቀፍ አሠራር አይደለም። በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ወዲያውኑ በአገሪቱ ተሰማ። ቁጥሩ ፈጥኖ ደረሰ። ምክንያቱን ከወላጅ ጋር ተቀምጦ መመርመር ግን በገጽ የሚፈጸም ሥራ አልነበረም።

አርቦሬን እንመልከት። በደቡብ ኦሞ፣ የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር በሚወርድበት ሜዳ ላይ ጋንደራብ፣ ኩላማ፣ ሙራሌና ኤጉዴ የተባሉ መንደሮች ይገኛሉ። ነዋሪው ከብት ያረባል፤ የወንዙ ሙላት ሲጎድልም በረጠበው መሬት ላይ ማሽላ ይዘራል። ልጁ ከብት ጠባቂ ነው፤ እሸት ሲደርስ ደግሞ ወፍ ይጠብቃል። እንግዲህ በአማርኛ ተጽፎ በስልክ ገጽ ላይ የወጣ ማስታወቂያ፣ የራሱ ቋንቋ ላለውና ግጦሽ ፍለጋ ከመንደሩ ለራቀ አባት ምን ይነግረዋል? ኃላፊው «አሳውቀናል» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፤ (እንዲህ ዓይነቱ ማሳወቅ የሚጠቅመው አሳዋቂውን ብቻ ነው)፤ ልጁም «ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ ይቆጠራል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ሰው ለሰው እየተነጋገረ የተካሄደ፣ ኋላም 15 ቋንቋዎችን የተጠቀመ ነበር። የአርቦሬ ቋንቋ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል፤ ልጁ በቋንቋው ይማር ከተባለ አባቱም በቋንቋው ሊጠየቅ ይገባዋል።

የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት የተቋቋመው ለስም አይደለም። የምዝገባው ቀን ከመወሰኑ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ መምህር ወደ መንደሩ ይሂድ፤ ሽማግሌዎቹም የማሽላው ጥበቃ መቼ እንደሚያበቃ ይጠየቁ። የሰጡትም መልስ በስማቸው ተጽፎ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይመለስ። ገጹ ላይ የሚወጣው ቀን ከዚያ በኋላ የሚቆረጥ ይሁን።