ከመፈረማችን በፊት ልጁን እንጠይቅ

 

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ ለኮሌጅ መግቢያ የሚረዳው የትኛው ከፍተኛ ፕሮግራም ነው? ኤፒ ወይስ አይቢ? ብዙዎች የእገሌ ልጅ የገባበትን መርጠው ይፈርማሉ። ልጅ ግን ከአላህ (ሱ.ወ.) የተሰጠን አማና ነውና የአንዱን ልብስ በሌላው ልክ ልንሰፋ አይገባም።

ኤፒ የተባለውን ፕሮግራም ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ያስተዳድረዋል። ተማሪው የሚበረታበትን ትምህርት፣ አንድም ይሁን አምስት፣ ለይቶ ይወስዳል። ፈተናው በሜይ ወር ይሰጣል፤ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለ3፣ መራጮቹ ግን ለ4 ወይም ለ5 የኮሌጅ ክሬዲት ይሰጣሉ።

አይቢ እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቭ የተመሠረተ ነው። ሙሉ ዲፕሎማው ለሁለት ዓመት የሚዘልቅ ጥቅል ነው። ስድስት ትምህርቶች፣ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የጥናት ጽሑፍ፣ ስለ ዕውቀት ምንነት የሚያስተምር ኮርስ፣ እንዲሁም የፈጠራ፣ የስፖርትና የበጎ አገልግሎት ሥራ አለው። እያንዳንዱ ትምህርት ከ7፣ ጠቅላላው ከ45 ይታሰባል።

በአንዳንድ ቦታ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ተማሪው ገና ሃይስኩል ሳለ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኮርስ መውሰድ ይችላል። ክሬዲቱ በዚያው ስቴት ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ይያዛል። ይሁን እንጂ ውጤቱ በኮሌጅ መዝገብ ላይ ስለሚቀር በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ኮሌጆች የፕሮግራሙን ስም አይተው አይፈርዱም። የሚመዝኑት ትምህርት ቤቱ ካቀረበው ውስጥ ልጁ ምን ያህል ከባዱን እንደደፈረና በዚያም ምን እንዳስመዘገበ ነው። ስለዚህ በሒሳብና በሳይንስ በርትቶ ረጅም ጽሑፍ የሚከብደው ልጅ ኤፒ ይስማማው ይሆናል። በሁሉም መስክ ማንበብና መጻፍ የሚወድ፣ ጊዜውን መቆጣጠር የሚችል ደግሞ አይቢን ይችለዋል።

እኛ መምህራን የምንጨምረው አንድ መለኪያ አለ፤ ይኸውም ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኤፒ ፈተናና የረመዳን ጾም በአንድ ቀን፣ ሜይ 6፣ ጀምረው ነበር። ዛሬ ረመዳን ከዚያ ወር ርቋል፤ የጊዜው ጥያቄ ግን በየዕለቱ አለ። ጫና ሲበዛ ቀድሞ የሚቀረው የቁርኣን ትምህርት ነው፤ ከዚያም እንቅልፍ፣ ቀጥሎም የፈጅር ሶላት። ይህን ሁሉ አሳጥቶ የሚገኝ ዲፕሎማ ትርፉ ምንድን ነው? ሶላቱንም ትምህርቱንም አጣጥሞ የሚያስኬድ ልጅ ግን በሄደበት ሁሉ ይጸናል።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጃችሁን አስቀምጣችሁ አማክሩ፤ ሹራ በቤት ውስጥም ሱና ነው። የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ፤ ልጁ ሊያመለክትባቸው ያሰባቸው ኮሌጆች ለየትኛው ውጤት ክሬዲት እንደሚሰጡ አጣሩ። ከዚያም ከልጃችሁ ጋር ኢስቲኻራ ስገዱና ፈርሙ። አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጥልን፤ አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።