ዕድሜን ያለ ጥፋቱ አንክሰሰው

ድሬዳዋ ውስጥ አርባ ዓመት የተጠጋው ሰው ሁለት ፎቅ ወጥቶ ሲያለከልክ ወይም የአምና ሱሪው አልቆለፍ ሲለው ከጓደኞቹ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። «ዕድሜ ነዋ! ምን ታደርገዋለህ?» ይሉታል። ቦርጭ ላወጣው ደግሞ ምስጋናም ይጨመርለታል፤ ተመችቶታል፣ ወዝ አግኝቷል ይባላል። አነጋገሩ ማጽናኛ ቢመስልም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ችግሩን በዕድሜ ያሳበበ ሰው መፍትሔ አይፈልግም፤ ዕድሜን ማን ይመልሰዋል? እኔ ግን ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ባሉት ዓመታት በሰውነታችን ላይ ለምናየው መዳከም ዋናው ተጠያቂ የዓመታት ቁጥር አይደለም ባይ ነኝ። ዋናው ተጠያቂ ውሏችን ነው፤ በዚህች ከተማ ደግሞ በተለይ ከሰዓት በኋላውን የምናሳልፍበት መንገድ ነው። ውሎ ደግሞ ይለወጣል።

ዕድሜ ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። የአጥንት ጥንካሬ ጫፍ የሚደርሰው በሃያዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መሳሳት ይጀምራል። የማይሠራ ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በየዐሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ልብ በከባድ ሥራ ጊዜ ሊመታ የሚችለው ከፍተኛ ቁጥር በየዓመቱ በአንድ ምት ገደማ ዝቅ ይላል። አርባን ሲያልፉ የዓይን ሌንስ ስለሚደነድን መርፌ ላይ ክር ማስገባትና በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ ይቸግራል። የሴቶች የወር አበባ በአብዛኛው ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ይቋረጣል፤ ከዚያ ወዲያ የአጥንት መሳሳቱ ይፈጥናል። እነዚህ ከተፈጥሮ የመጡ ናቸው፤ ማንም አያመልጣቸውም። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ላየው ግን አንዳቸውም ጤነኛውን የአርባ ዓመት ሰው ደረጃ ላይ የሚያስቆሙት አይደሉም። የደም ግፊትስ ከዕድሜ ጋር ይጨምር የለም ወይ ለሚል፣ በአማዞን ደን የሚኖሩት የያኖማሚ ሰዎች መልስ ይሆናሉ። ምግባቸው ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ግፊታቸው ዕድሜያቸው ቢገፋም እንደኛ አይጨምርም። የግፊት መጨመር ዕድሜ ብቻውን የሚያመጣው ቢሆን ኖሮ እነሱንም ባልማረ ነበር።

ከሠላሳ በኋላ ሰውነት ምግብ ማቃጠሉን ስለሚቀንስ መወፈር አይቀርም የሚለውም እምነት በጣም ሥር የሰደደ ነው። ይህን ጉዳይ በ29 አገሮች የሚገኙ ከ6 ሺህ 400 በላይ ሰዎችን፣ ከተወለዱ ቀናት ካስቆጠሩ ሕፃናት እስከ 95 ዓመት አዛውንት ድረስ፣ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ የሰውነት መጠንና የጡንቻ ድርሻ ታሳቢ ተደርጎ ሲሰላ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ ሰውነት በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ባለበት እንደሚጸና አገኙ። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው፤ እሱም በዓመት አንድ ከመቶ አይሞላም። የእኛው አገር መረጃም ወደዚያው ያመለክታል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የከተማ ሴቶች ከአምስት አንዷ ያህል ከመጠን በላይ ክብደት ነበራት፤ በገጠር ግን በዚያው የዕድሜ ክልል ካሉት መቶ ሴቶች አምስት እንኳ አልሞሉም። ዕድሜው አንድ ነው፤ የተለየው ኑሮው ነው።

ታዲያ የድሬዳዋ ኑሮ ምን ሆነ? ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋች ሜዳ ናት። በባቡር ሐዲዱ ምክንያት ስትቆረቆር የከዚራ ሰፈር በቀጥታ መንገዶችና በዛፍ ጥላ ተሠራ፤ ከመጋላ ሰፈር የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ነው። ለእግረኛና ለብስክሌት እንደዚህ የተመቸ ከተማ በአገራችን ብዙ የለም፤ ድሬዳዋም ለረጅም ጊዜ በብስክሌቷ ስትታወቅ ኖራለች። ዛሬ ግን ከሳቢያን ቀፊራ ገበያ፣ ከቀፊራ ለገሀሬ የሚኬደው በባጃጅ ነው። ባጃጁ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን ተሳፋሪው በእግሩ ይሄድባት የነበረችው ሩብ ሰዓት ከቀኑ ወጥታለች፤ ሾፌሩ ደግሞ ከንጋት እስከ ማታ ተቀምጦ ይውላል። ተቀምጦ መዋል ምን እንደሚያስከትል ጄሪ ሞሪስ የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1953 በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሠራተኞች ላይ አሳይተዋል። ሾፌሩም ትኬት ቆራጩም የሚሠሩት በአንድ አውቶቡስ ነው፤ ቆራጩ ግን ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። የልብ በሽታ በሾፌሮቹ ላይ በርትቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ እጅግ ብዙ ጥናቶች የመንቀሳቀስን ጥቅም ደጋግመው አረጋግጠዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ የጫት በርጫው ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ጫቱ ይገባል፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ሱቁ ይዘጋል። ፍራሹ ይዘረጋል፣ ትራሱ ይደገፋል፣ ለስላሳው፣ ለውዙና ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀርባል። ከሰባት ሰዓት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሰውየው ከቦታው አይነሳም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፣ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊትን ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የሌሊቱንም እንቅልፍ ይነሳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይዟል፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ መሆኑ ነው። ሁለት ጠርሙስ የጠጣ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ካስቀመጠው 50 ግራም ገደማ ጣሪያ አልፏል፤ ድርጅቱ የሚመርጠው ደግሞ የዚያን ግማሽ ነው። ማታ ምርቃናው በጨብሲ ሲሰበር አልኮሉ ይታከልበታል፤ ሲጋራውም ብዙ ጊዜ አብሮ አይጠፋም። በቡታጅራ ከ35 ዓመት በላይ በሆናቸው ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት፣ አዘውትረው የሚቅሙት ሰዎች የታችኛው የደም ግፊት ከማይቅሙት ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። በየመን የተደረገ ጥናት ደግሞ ድንገተኛ የልብ ሕመም በቃሚዎች ላይ ይበልጥ የሚከሰተው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ መሆኑን አገኘ፤ ይህም የቅምና የምርቃና ሰዓት ነው።

ቃሚ ከሲታ ስለሚሆን ብዙዎች ራሳቸውን ከአደጋ ውጭ ያደርጋሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በ2007 ዓ.ም. ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆናቸውን ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን ያካተተ አገር አቀፍ ቅኝት ተካሂዶ ነበር። ከመቶ ሰው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከመጠን በላይ ክብደት የተገኘባቸው ግን ከመቶ 6 ገደማ ብቻ ናቸው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ግፊት ካለባቸው አብዛኞቹ ወፍራም አልነበሩም። ስለዚህ በመስታወት ራስን አይቶ ደኅና ነኝ ማለት አይቻልም፤ መለካት ያስፈልጋል። ልኬቱ ደግሞ ሥርዓት አለው። ከመለካት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና ጫት አይወሰድም፤ ጀርባን አስደግፎ አምስት ደቂቃ ያህል በዝምታ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ ማለት ነው። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር በድጋሚም 126 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። ሁለቱም ለዓመታት ሳይሰሙ ኩላሊትን፣ ዓይንንና ልብን ይጎዳሉ፤ ብዙ ሰው የሚነቃው አንድ ወገኑ ሲዝል ነው።

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹም ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው፣ ድሬዳዋን የሚያስጨንቃት ትንኝ ሆና ሳለ ስለ ግፊትና ስለ ቦርጭ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ከተማዋን አንገላትቷታል፤ ወባም አልተወንም። ሆኖም ወረርሽኝ ሲመጣ ሁሉም ያየዋል፤ ድል ጮራ ሆስፒታል ይጨናነቃል፣ ርጭት ይጀመራል፣ ዘመቻ ይታወጃል። ግፊት ግን ትኩሳት የለው፣ ሰልፍ የለው። በአገራችን ከሚከሰተው ሞት ወደ 40 ከመቶ የሚጠጋው ተላላፊ ካልሆኑ በሽታዎች የሚመጣ ሆኖ ሳለ፣ ድምፅ ስለሌለው ብቻ ወደ ኋላ እንገፋዋለን። ትንኙን መከላከል ግፊት ከመለካት አያግድም፤ ለትኩሳት ጤና ጣቢያ የመጣን የአርባ ዓመት ሰው ክንዱን ለማሰር የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጫት ባህልና ኑሮ ነው የሚለው ነው። የሐረርጌ ገበሬ የሚኖርበት፣ ሰርግና ለቅሶ የሚሰበሰብበት፣ ጸብ የሚበርድበት ነገር በአንድ ጽሑፍ ይቅር አይባልም፤ እኔም አላልኩም። ግን ባህሉ በየቀኑ አምስት ሰዓት ተቀመጡ አላለም፤ ለስላሳውንም ጨብሲውንም ባህሉ አላመጣቸውም። ቀኑን መቀነስ፣ በለስላሳው ፈንታ ውኃ ማቅረብ፣ ሲጀምሩ ምሳን በሥርዓቱ መብላት፣ ሲጨርሱም ወደ ቤት በእግር መመለስ ማንንም ከወዳጁ አያጣላም። ግፊት ወይም የልብ ሕመም የተገኘበት ሰው ግን መተው አለበት፤ እዚህ ላይ ማለሳለስ ወዳጅነት አይደለም።

ሦስተኛው ሙቀቱና ድህነቱ ነው። በዚህ ሙቀት ማን ይሮጣል፣ ለጂምስ ማን ገንዘብ አለው ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠይቀው ሩጫም ጂምም አይደለም፤ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በሳምንትም ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያሠራ ሥራ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ድሬ ከንጋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እንዲሁም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነፋሻ ናት፤ የከዚራ ጥላ ገንዘብ አይጠይቅም። ውኃ የሞላ ጀሪካን ማንሳት፣ ከወንበር ተነስቶ መቀመጥን መደጋገም፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት ለጡንቻ በቂ መነሻ ናቸው። ነገር ግን ይህ ክርክር ለሴቶች ሲሆን የበለጠ ክብደት እንዳለው መካድ የለበትም። ቀፊራ ከጠዋት እስከ ማታ ሸቀጧ ፊት የተቀመጠችው፣ ቤት ስትገባ ሌላ ሥራ የሚጠብቃት እናት ግማሽ ሰዓቷን ከየት ታምጣ? በእርግዝናዋ ጊዜ ግፊት ወይም ስኳር የታየባት ሴት ደግሞ ኋላ ላይ በሽታው የሚይዛት ዕድል ከሌላው ከፍ ያለ ነው፤ ከወለደች በኋላ ግን ለሕፃኑ ክትባት እንጂ ለራሷ ልኬት የሚጠራት የለም። እዚህ ላይ የቤተሰብም የጤና ጣቢያም ኃላፊነት አለ። ባሏ ሥራውን ካልተካፈላት፣ አዋላጇ ካላስታወሰች፣ «ራስሽን ጠብቂ» የሚለው ምክር ባዶ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለግለሰቡ ብቻ አይደለም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ንቅናቄ አንድ ቀን መኪና ሲቆም ሕዝቡ ለመንቀሳቀስ ምን ያህል እንደተጠማ አሳይቷል። የድሬዳዋ አስተዳደር በሳምንት ሁለት ምሽት የከዚራን ጥቂት መንገዶች ለእግረኛና ለብስክሌት ቢለቅ ወጪው ትንሽ፣ ትርፉ ብዙ ነው። የደም ግፊት ልኬት ወደ ባጃጅ ተራው፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ፋብሪካው በር ይሂድ፤ ሕመም ያልተሰማው ሰው ሥራውን ጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣምና። ማኅበራትና መሥሪያ ቤቶችም በስብሰባ ላይ ለስላሳ ከሚደረድሩ ውኃ ያቅርቡ። አንባቢዬ፣ ሠላሳ ዓመት ከሞላዎት ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና የወገብዎን ልክ በዚህ ሳምንት ይወቁ፤ ሦስቱንም ጽፈው ያስቀምጡ፣ ከዓመት በኋላም መልሰው ይለኩ። ዕድሜን መክሰስ የሚቻለው ይህ ከተደረገ በኋላ ነው።