አንድ እንጨት፣ አራት ደብተር

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ወላጆች ደጋግመው የሚያማርሩበትን ጉዳይ ነው። «ልጄ ሰባተኛ ክፍል ገባ። የደብተሩ ብዛት ይኸው ነው። አንዱ ትምህርት ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ደወል በተደወለ ቁጥር አንዱ ደብተር ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል። ልጁም ዕውቀት ሁሉ እንደ ደብተሩ የተቆራረጠ ይመስለዋል።

ሥርዓተ ትምህርቱ ይህን ችግር ሳያስበው አልቀረም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለየብቻቸው ይሰጡ ነበር። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች «መካከለኛ ደረጃ» ተብለው ራሳቸውን ችለዋል፤ ሦስቱም የሳይንስ ትምህርቶች «ጠቅላላ ሳይንስ» በሚል አንድ መጽሐፍ ተጠቃለዋል። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ሦስት መጽሐፍ በአንድ ሽፋን መጠረዙ ብቻ ትምህርቱን አያዋህደውም። ምዕራፉ ከምዕራፉ፣ ሳይንሱ ከሒሳቡ፣ ሒሳቡም ልጁ ከሚኖርበት ቀዬ ጋር ካልተገናኘ ያው መቆራረጡ ይቀጥላል።

ዲማ ላይ ቆመን እንየው

ነገሩን ጨበጥ ለማድረግ አንድ ቦታ እንምረጥ። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና አካባቢ የምትገኘው ዲማ የቆየ የትምህርት አገር ናት። የቅኔ ትምህርቷ የታወቀ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዷ ስትሆን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸውም ታሪኩን የሚተርከው በዚሁ አገር ነው። ቅኔ የሚቆጥር ተማሪ ሰዋስውን፣ ታሪክንና መጽሐፍን በአንድ ላይ ካላዋለ ቅኔው አይሞላለትም። የእኛም ደረሶች ነህውን ከአንዱ ሸኽ፣ ፊቅህን ከሌላው፣ ተፍሲርን ከሦስተኛው ለመቅራት አገር ለአገር ይዞሩ ነበር። ኪታቡም ሸኹም ይለያያል፤ ዕውቀቱ የሚጋጠመው ግን በደረሳው ውስጥ ነው። እንግዲህ የትምህርት መዋሃድ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን በዲማ የምትኖር አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ቤተሰቧ ለሰላት የሚቆሙት ወዴት ዞረው ነው? ወደ ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ አዘንብለው። መካ ከዚያ በቀጥታ መስመር 1,220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ልጅቷ ይህን ከአባቷ ሰምታ ተቀብላለች። በዓይኗ ልታረጋግጠው ግን ትችላለች።

በየዓመቱ ግንቦት 19 ወይም 20 ቀን፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በትክክል ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። ሐምሌ 8 ወይም 9 ቀን ደግሞ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ይኸው ይደገማል፤ በጎጃም ክረምት ግን ደመናው ያስቸግራልና ግንቦት ይመረጣል። የእኛና የመካ ሰዓት አንድ በመሆኑ የሰዓት ለውጥ ማስላት አያስፈልግም። ልጅቷ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት ደልዳላ መሬት ላይ ታቆማለች። ፀሐይዋን ቀና ብላ ማየት የለባትም፤ ዓይን ይጎዳል፤ ጥላውን ብቻ ትመልከት። በደቂቃዋ ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር ብትዞር ፊቷ ወደ መካ ነው።

የመጀመሪያው ደብተር ይህ ነው፤ የቂብላ ትምህርት።

ሁለተኛው ሳይንስ ነው። በታኅሣሥ ቀትር ላይ በዲማ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ በግንቦት ግን ወደ ደቡብ። ለምን? ምድር ዘንበል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር ነው። ልጅቷ ይህን ከመጽሐፍ ብትሸመድደው ትረሳዋለች፤ በደጃፏ ካየችው አትረሳውም።

ሦስተኛው ኅብረተሰብ ነው። ካርታ ትዘረጋለች፤ ዲማንና መካን ፈልጋ መካከላቸውን በማስመሪያ ትለካለች፤ በካርታው መስፈርት አባዝታም ርቀቱን ታገኛለች።

አራተኛው ሒሳብ ነው። የአንድ ሜትሩ እንጨት ጥላ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ወረቀት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የቆመ መስመር፣ ከሥሩም 2 ሴንቲ ሜትር የተኛ መስመር ታሠምርና ጫፎቹን ታገናኛለች። ከላይ ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ስትለካው 11 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያች ደቂቃ መካ ላይ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። ፀሐይ እጅግ ሩቅ በመሆኗ ጨረሯ ለሁለቱም ቦታዎች ጎን ለጎን ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ይህ 11 ዲግሪ በዲማና በመካ መካከል ያለው የምድር ክብነት ነው። 360ን ለ11 አካፍላ በ1,220 ብታባዛው ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የምድር ዙሪያም ይኸው ነው!

በጥንት ዘመን የእስክንድርያው ኤራቶስቴንስ ምድርን የለካው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ973 የተወለደው አል-ቢሩኒ ደግሞ ከተራራ አናት ላይ አድማሱን በመለካት በሌላ ዘዴ ደርሶበታል። አል-ቢሩኒ የሒሳብ፣ የከዋክብት፣ የመልክዓ ምድርና የታሪክ ሰው ነበር፤ ደወል አልለያያቸውበትም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል

ማዋሃድ ማለት ማደባለቅ አይደለም። ማዕዘኑ በትክክል ካልተለካ ሒሳቡ ሒሳብ አይሆንም። በግድ የተሰፋ ድሪቶም አይጠቅምም። መምህራን ዓመቱ ሲጀመር አብረው ተቀምጠው «ማዕዘን መቼ ታስተምራለህ? እኔስ ብርሃንን መቼ ላድርገው?» ቢባባሉ ብዙው ነገር ይቃናል። ፊዚክስ የተማረ መምህር ባዮሎጂውንም እንዲያስተምር ሲጠየቅ ደግሞ የሥራ ባልደረባውና የሥልጠና እገዛ ያሻዋል።

«ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ምን ይረባል?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ፈተናው የሚመጣው በየትምህርቱ ነውና ልምምዱ አይቅር። ሆኖም የገባው ልጅ የሸመደደውን ያህል አይደነግጥም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የብዙ ሕፃናትን ትምህርት አቋርጧል። ያለፉት ወራት አይመለሱም። እንጨትና ጥላ ግን ቤተ ሙከራ አይሹም፤ ከቤት ውለው ለቀሩትም ይሆናሉ። ወላጆች ሆይ! ማንበብ ባትችሉ እንኳ መጠየቅ ትችላላችሁ። በዝናብ የበቀለ 20 ኩንታል ጤፍ ሲገባ «ዘካው ስንት ነው?» በሏቸው፤ አንድ አሥረኛው፣ 2 ኩንታል ነው። «በወጪና በድካም ውኃ ስበን ብናጠጣውስ?» በሏቸው፤ ግማሹ፣ 1 ኩንታል ይሆናል። «ለምን ቀነሰ?» ብላችሁ ስትጨምሩ ሒሳቡ፣ እርሻውና ዲኑ በአንድ ማዕድ ላይ ይገናኛሉ።

ለሚቀጥለው ግንቦት እንጨታችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ።