ጉልቻ ቢቀየር ወጥ ይጣፍጣል

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ ላይ አንድ ሰው መኪናዬን አመሰገነልኝና ቀኑን ሙሉ ስናደድ ዋልኩ። ቁርሴን በልቼ ስወጣ ዲኤክሷን ዙሪያዋን እየዞረ ያያታል። ኮፈኗን በመዳፉ ዳበሰ፣ ስፖርቴሎዋን ከፍቶ ዘጋ፣ አንዱን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ።

"ጋሼ፣ ቦዲዋ ንክች አላለም። ቀለሟ ብቻውን ዋጋዋን ያወጣል። ስንት ይሏታል?"

ደላላ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጎንበስ አላለማ። ይህን ያህል ዘመን ስነዳ መኪና ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ ደላላ አላጋጠመኝም። ከቀለምና ከስቱኮ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ስለምታውቁት አልደግመውም። እሺ፣ ትንሽ እደግመዋለሁ።

ቀለሟ ማብራቱ እውነት ነው። ግን ከግማሽ ሰዓት በፊት ከደሴ ስመጣ ከወለሏ ሥር "ጓ!" የሚል ድምፅ መስማት ጀምሬያለሁ። ፍሪሲዮን በለቀቅኩ ቁጥር የማርሹ ዘንግ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል። ውጫሌ ለቅሶ አለብኝ። ሰውዬው ደግሞ ስለ ቀለም ያወራልኛል።

መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ጋራዥ ስል የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ጉድጓድና አንድ የብየዳ ማሽን ማለቴ ነው። መካኒኩ ልጄ ይሆናል።

"አብሽሩ ጋሼ። ኮፈኑን ከፍተው ያስነሷት። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ አንደኛ ያስገቡ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገው ለቀቅ።"

እንዳለኝ አደረግኩ። ሞተሩ በአንድ ጎኑ ብድግ ብሎ ተመልሶ ዷ አለ። ልጁ ሞተሩን አላየም፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ያዳምጥ ነበር። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሙ ከተጠራው ከአምባሰል አጠገብ ያደገ ጆሮ ነው መቼም። "የግራው ጉልቻ ነው" አለ።

ጉልቻ ማለቱን ወደድኩለት። የዲኤክስ ሞተርና ካምቢዮ ተያይዘው የሚያርፉት በሦስት ቦታ ነው፤ ሁለቱ ከሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ሦስተኛው ከካምቢዮው ሥር። እያንዳንዱ ጉልቻ ከብረት ጋር የተጣበቀ ጎማ ሲሆን፣ ሞተሩን ይሸከማል፣ ንዝረቱንም ውጦ ወደ ወለሉ እንዳያልፍ ያደርጋል። ዘይት ሲንጠባጠብበት ያብጣል፣ ሙቀት ሲበዛበት ይደርቃል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። አንዱ ሲሰምጥ ሞተሩ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ማርሚታው መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ማራገቢያው ራዲያተሩን ሊልሰው ይደርሳል፣ ትራንስሚሲዮኑ አቅጣጫው ይዛባና ክሮቸራው ያለ ዕድሜው ይበላል። ባለመኪናው ታዲያ ክሮቸራ ይቀይራል። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ክሮቸራ ይቀይራል። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት ጋራዥ ገብቶ አያውቅም።

ጉድጓዱ ውስጥ ወርደን ባትሪ ስናበራ የግራውም የቀኙም ጉልቻ ጎማ አልነበረም። ማለቴ፣ ጎማስ ነበር፤ የመኪና ጎማ። ከአሮጌ ጎማ በቢላ ተቆርጦ በቡሎን ታስሯል። ጥርሱ ሳይቀር ይታያል። መኪናዬ በረባሶ ተጫምታለች! ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን የማልጠራው ጋራዥ "ኦርጅናል ነው" ብሎ ያስከፈለኝ ይኸው ነው። በረባሶን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ልጅ ሆኜ ተማሪ ቤት የደረስኩት በእሱ ነው። ለሞተር ግን አይሆንም። የመኪና ጎማ በውስጡ ክርና ሽቦ ስላለው ደረቅ ነው፣ ንዝረት አይውጥም። ከብረቱ ጋር ስላልተጣበቀም ሞተሩ ወደ ላይ ሲስብ የሚይዘው ቡሎኑ ብቻ ነው። "ጓ" የሚለው እሱ ነበር።

ከዚያ ልጁ ካቻቪቴ አነሳ። የመኪናዋ ወለል ከታች በጥቁር ሬንጅ ተለቅልቋል፤ ያስቀባሁትም እኔው ነኝ፣ ለጥንቃቄ ብዬ፣ ከፍዬበት። ልጁ በእጀታው እየቆረቆረ ሄደ። ቂው፣ ቂው፣ ቂው... ዱብ። ዱብ ያለበት ላይ ጫፉን ሲያስጠጋው ካቻቪቴው ድፎ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ዘልቆ ምንጣፉን ነካው። እኔ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ፤ የወሎ ልጅ በሰው ሐዘን አይስቅም።

ዲኤክስ እንደ ላንድክሩዘር ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። ወለሏ ራሱ አጥንቷ ነው፤ እሱ ሲበሰብስ የሚበሰብሰው መኪናዋ ናት። አውሮፓ ውስጥ መኪናን ከታች የሚበላው በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። እኛ ጋ ጨው የለም፤ ጭቃና ከሽፋን ሥር የታሰረ እርጥበት ይበቃናል። ዝገት ላይ የተቀባ ሬንጅ ዝገቱን አያቆመውም፤ ገመናውን ይሸፍንለታል እንጂ። ይባስ ብሎ ፋብሪካው ውኃ እንዲወርድባቸው የተዋቸውን ትንንሽ ቀዳዳዎች ደፍኖልኛል። እንግዲህ ከቀለም ጋር ለምን እንደምጣላ ገባችሁ?

ልጁ ባትሪውን ሳይነቅልና ሰልባትዮውን ሳያወርድ ብየዳ አልነካም፤ ለዚህ ብቻ ሳመሰግነው እኖራለሁ። ሬንጁን ፋቀ፣ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ወረደ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ ላሜራ በየደበት፣ አንቲረስት ቀባው፣ የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ከፈተ። ሦስቱ ጉልቻዎች አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝተው በአውቶቡስ ሰኞ ማታ ደረሱ። እስከዚያ እኔ እሑድ በሚኒባስ ውጫሌ ለቅሶ ደርሼ ተመለስኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ነው አንድ ነገር የገባኝ። እስካሁን የጻፍኩትን መለስ ብላችሁ እዩት፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ፣ ላሜራ፣ ክሮቸራ። ሁሉም ከጣልያን የመጣ ቃል ነው። የምሄደው ደግሞ የት ነው? ምኒልክ በሚያዝያ 1881 ከጣልያን ጋር ወደተዋዋሉባት ውጫሌ! የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ቀለሙ ያምር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ይላል። ጣልያንኛው ግን ከሥር ሌላ ነገር ይዞ ግዴታ አድርጎታል። ነገሩ የተገለጠውም ቆይቶ፣ ከአውሮፓ ነገሥታት የመልስ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። ምኒልክ በ1885 ውሉን አፈረሱት፤ በ1888 አድዋ ላይ ተቋጨ። ጣልያኖቹ በ1928 ተመልሰው መጥተው አምስት ዓመት ሲቆዩ ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አስመራ የሚያደርስ መንገድ ሠሩ፣ ካሚዮን አመጡ፣ ተባረሩ። ውላቸውን ቀደድነው፣ ካቻቪቴያቸውን አስቀረነው። እኔ እንደሚመስለኝ አልከሰርንም።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው "ጋሼ፣ ሽጧትና ኤሌክትሪክ ይግዙ" አለኝ። ሁልጊዜም እንዲህ ይላል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በዕድሜው ልክ አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጊቶች ምትክ የላቸውም፤ ወይ ከታች እናድሳቸዋለን ወይ ከላይ እየቀባን እንቀብራቸዋለን። ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። የዚያ መኪና ትልቁ ገንዘብ፣ ባትሪው፣ የተዘረጋው የት ነው? ከወለሉ ሥር! እሱም ጎንበስ ማለቱ አይቀርለትም።

ክረምቱ ሳይጠነክር አንድ ነገር አድርጉልኝ። ላቫጆ ስትገቡ ከላይ ሳሙናውን አስቀንሱና ከታች ውኃውን አስጨምሩ። መኪናዋ ስትደርቅ ጉድጓድ ላይ አቁሟትና ካቻቪቴ ይዛችሁ ውረዱ። ካቻቪቴው ዘልቆ ከገባ በያጅ ፈልጉ፤ ሬንጅ ይዞ የሚመጣውን ሰው ከግቢ አስወጡት።

ማክሰኞ ከሐይቅ ስወጣ ዲኤክሷ ፀጥ ብላለች፤ የማርሹ ዘንግ ላይ ጣቴን ባሳርፍ አይነዝረኝም። ደላላው እዚያው ቁርስ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ከስፖርቴሎዋ በታች ብቅ ያለውን የአንቲረስት ቀይ አይቶ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። "ውይ ጋሼ፣ አበላሿት!"

ሁለቱን የጎማ ቁራጮች ይዣቸው መጥቻለሁ። ለትንሽ ልጅ እግር ይበቃሉ፤ የሚፈልግ አንባቢ ካለ ማሰሪያውን ከራሱ አድርጎ ይውሰድ።