ለሜዳ ብቻ የሠለጠነ ውሻ

የማሠልጠኛውን ሜዳ ፈተና ያለፈ የፖሊስ ውሻ በየትም ሥፍራ ይታመናል፣ ጫማውና ጥይት መከላከያ ሰደርያው ግን የቅንጦት ወጪ ነው ብለው በአደባባይ የጻፉት ሰው፣ ሐሳባቸውን አልዶ ስለተባለው የፍሎሪዳ ውሻ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 በሰጠው ብያኔ ሲያስደግፉ፣ ተከሳሽ የውሻውን ሥልጠና የመሞገት መብት እንዳለው በዚያው ብያኔ መጽናቱን ስለ ምን እንደ ዘለሉት አልገባኝም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውን የካሊፎርኒያ ሊቃውንት ምርምር ቢመለከቱ ኖሮ፣ 18 አነፍናፊ ውሾች ከነያዦቻቸው አደንዛዥ ዕፅም ሆነ ፈንጂ በሌለበት ሕንፃ ሲፈትሹ፣ ያዦቹ የሽታ ምልክት ነው የተባሉት ቀይ ወረቀት ባለበት ሁሉ «ተገኘ» ማለትን እንዳበዙ በተረዱ ነበር። እንግዲህ ያዡ ራሱ መልሱን በማያውቅበት፣ ሥፍራውም በየጊዜው በሚለዋወጥበት ፈተና ያልተመዘነ ውሻ፣ የሚያሸተው ወንጀሉን ይሁን የጌታውን ጥርጣሬ ማን ይመሰክራል?

ስለ መሣሪያው ደግሞ፣ በፊኒክስ ከተማ የበጋ አስፋልት መዳፉ ለሚለበለብ ፍጡር ጫማ ጌጥ አይደለም፤ ዳሩ ግን አስቀድሞ ካልለመደው እግሩን እያነሣ ይደናቀፋል፤ ሰደርያውም፣ ሙቀቱን በላብ ሳይሆን ይልቁንም በማለክለክ በሚያስወጣው ውሻ ላይ ክብደትና ሙቀት ይጨምራልና፣ ለብሶት ደረጃ መውጣትን፣ በሚያንሸራትት ወለል መሮጥን፣ በተኩስ መካከል መታዘዝን ሳይማር ቢጭኑበት መከላከያው መሰናክል ይሆንበታል። ጸሐፊው ወጪው ይሰረዝ ካሉ፣ በቆመ የፖሊስ መኪና ውስጥ ሙቀት ሲያይል መስኮቱን ከፍቶ ያዡን የሚጠራውን መሣሪያም አብረው ይሰርዙና፣ በዚያ መኪና ታፍኖ ስለሚሞተው ውሻ ለከተማው ምክር ቤት መልሱን እርሳቸው ይስጡ።