«ባሌ ቧንቧው ሸተተ ብሎ ምንጭ ይወርዳል»

ደብዳቤው የመጣው ከኢሉባቦር፣ ከሁሩሙ ነው። ጸሐፊዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟን እንዳናወጣ ለምናናለች፤ አናወጣም። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«...ቧንቧችን አንዳንድ ቀን ክሎሪን ክሎሪን ይላል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ አይሸትም። ባሌ የሸተተ ዕለት ‹ቡናዬን አበላሸው› ይልና ጄሪካኑን አንጠልጥሎ ምንጭ ይወርዳል። ጓደኞቹ ደግሞ ክሎሪን ወንድነት ያደክማል ብለውታል። ትንሿ ልጄን በዚህ ክረምት ሁለት ጊዜ ተቅማጥ ያዛት። እኔ ምንጩን ስጠረጥር እሱ ቧንቧውን ይጠረጥራል። በዚሁ ሰበብ ከተኳረፍን ሰነበትን። ማናችን ነን ልክ?»

እህቴ፣ ፍርዱን ልንገርሽ፦ አንቺ ነሽ ልክ። ነገር ግን ሁለታችሁም ያልጠረጠራችሁት አንድ ነገር አለ። እሱም ቧንቧው የማይሸትበት ቀን ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ጀርሙን ይገድላል። ከዚያ የሚተርፈው ትንሽ ክሎሪን በመስመሩ ላይ እንደ ዘበኛ ውሃውን እያጀበ ቤትሽ ድረስ ይመጣል። ያ ቀለል ያለ ሽታ የዘበኛው ድምፅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውሃው ከክሎሪኑ ጋር ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቶ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም፣ ቤት ሲደርስ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም እንዲተርፍ ይላል። አፍንጫ ሁልጊዜ አይታመንም፤ ለይቶ የሚነግረው ምርመራ ነው። ቢሆንም ሽታው አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን ከጠፋ፣ መጠኑ ወጣ ገባ ይል ይሆናል ብሎ መጠርጠር ደግ ነው።

ለምን ወጣ ገባ ይላል? በብዙ ትንንሽ ከተሞች የክሎሪን ዱቄት በበርሜል ተበጥብጦ በእጅ ይጨመራል። ሠራተኛው የቀረ ቀን፣ ዱቄቱ ያለቀ ቀን ዘበኛውም ይቀራል። በክረምት ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላል፤ ጀርሙንም ይደብቃል። ስለዚህ ማሻሻል ማለት ክሎሪን ማብዛት ብቻ አይደለም። ውሃው መጀመሪያ መዝቀጥና መጣራት አለበት። ከዚያ ክሎሪኑን እንደ ውሃው ፍሰት መጥኖ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ ይገጠማል። ከገበታ ጨውና ከኤሌክትሪክ እዚያው ክሎሪን የሚሠራ መሣሪያም አለ። በሲሊንደር የሚመጣው የክሎሪን ጋዝ ግን ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ የሠለጠነ ሠራተኛ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ባልሽ ልምጣ። ወንድሜ፣ ለመጠጥ በሚጨመረው መጠን ክሎሪን ወንድነት እንደሚያደክም የተረጋገጠ ነገር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው በሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት 0.5 አንድ አሥረኛው መሆኑ ነው። ፍርሃቱ የአንተ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ጆን ሊል የተባለ ሐኪም የአሜሪካዋን ጀርሲ ሲቲን ውሃ ማንንም ሳያስፈቅድ ክሎሪን ጨምሮበት ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን ውሃው ንጹህ ነው አለ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ።

ቡናውስ? የኢሉባቦር ሰው ቡናው ሲነካበት እንደማይወድ አውቃለሁ። ግን ውሃው ጀበና ላይ ሲንተከተክ ክሎሪኑ በኖ ይሄዳል። ለመጠጥ ከሆነ በንጹህና በተከደነ ዕቃ አሳድሩት፤ ሽታው ይቀንሳል።

ምንጩ ኩልል ቢልም ጀርም በዓይን አይታይም። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ጎርፉ የመጸዳጃውንና የከብቱን እየጠረገ ወደ ታች ያወርዳል። በ1998 ዓ.ም. ከእናንተው በታች፣ ጋምቤላ ላይ የጀመረው አተት ወደ ሌሎች ክልሎች ተዛምቶ ስንቱን ቤት እንዳንኳኳ አይረሳም።

እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ቧንቧው ያልሸተተ ቀን ወይም የምንጭ ውሃ የመጣ ቀን አፍልተሽ አቀዝቅዢ፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለውን ማከሚያ በዕቃው ላይ እንደተጻፈው ጨምረሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድመሽ አዝቅጪውና በንጹህ ነጠላ አጥልይው። ጄሪካኑን እጠቢ፤ ጣሳ እየነከሩ መጥለቅ ይቅር። ልጅቷን ምን እንዳመማት ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም፤ እንደገና ተቅማጥ ከያዛት ኦ.አር.ኤስ. እየሰጠሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ባልሽ ደግሞ ጄሪካን ከመሸከም በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ተነሥቶ ይጠይቅ፦ «የተረፈው ክሎሪን በየስንት ቀኑ ይለካል? መጨረሻ ባለው ቧንቧስ ስንት ተገኘ?» መለኪያው ትንሽ እንክብል ናት፤ ውሃው ውስጥ ስትሟሟ ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል። መልሱን ሁለታችሁም አብራችሁ ስሙ። ኩርፊያውን ግን እስከዚያ አታቆዩት።